ነጭ ወረቀት የያዙ እጆች

የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ደንበኛውን ሁሉ «ቀና በሉ» እያለ ስለሚያነሳ «ጋሼ ቀና በሉ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። የሰው ፎቶ አይጥልም። የሃያ ዓመት ሠርግና ምርቃት በየዲስኩ ገልብጦ፣ ስም ለጥፎበት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አስቀምጧል።

የቤታቸውን ፎቶ ግን የምታነሳው ሚስቱ ነበረች፣ በስልኳ። «ወደ ዲስክ ልገልብጥልሽ» ሲላት፣ «የኔ ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ ላይ ነው፤ አንተ ሳጥንህን ጠብቅ» ብላ ትስቅበታለች። እሱም ተወው።

ድንገት ሞተች። የይለፍ ቃሏን ይዛው ሄደች። እህቷ ክላውዱን ለያዘው ኩባንያ ደጋግማ ብትጽፍም መልሱ ያው ነው፦ የአካውንቱ ባለቤት ራሷ በይለፍ ቃሏ ትግባ። የሠርጋቸውን አልበም ድሮ ጎርፍ ወስዶታል፤ የመታወቂያዋ ፎቶም ተፋፍቆ ጠፍቷል።

ለመቃብሯ የሚሆን ፎቶ ሲቸግረው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ደንበኛ ከመግባቱ በፊት መብራቱን የሚሞክረው እሷን አቁሞ ነበር፤ ቀለሙ እንዲስተካከል ነጭ ወረቀት ፊቷ ፊት ትይዝለታለች። የሙከራውን ፎቶ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ቦታ ይይዛል እያለ። ዲስኩን ሁሉ አገላብጦ ሳያጠፋው የቀረ አንድ አገኘ። ፊቷን ወረቀቱ ጋርዶታል፤ የሚታዩት ጣቶቿና ቀለበቷ ናቸው።

አሳጥቦ አመጣው።

«ጋሼ፣ ፊቷ እኮ አይታይም» አለች እህቷ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ‹በቃ፣ ሂጂ› ነው ያልኳት» አላት። «አንድ ቀን እንኳ ‹ወረቀቱን አውርጂና ቀና በይ› አላልኳትም።»