በጥንድ የሚወጣ ድንጋይ

ትናንት «ያዥልኝ» ብለሽ ስልክሽን ስታቀብዪኝ ጀርባው ግሎ ነበር። ያ ሙቀትና የጋለው ፕላስቲክ ሽታ ወደ ነገሌ፣ ወደ ቤታችን በረንዳ መለሰኝ። ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀሽኝ ስለነበር ልንገርሽ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ስልኩ ላይ የእርሻ ጨዋታ ነበረው፤ አንዱን ገበሬ ተራ በተራ እናጫውተው ነበር። እኔ እዘራለሁ፣ አጠጣለሁ፤ እሱ ዋሻ ወርዶ ማዕድን ይቆፍራል። ከዚያ ከጎረቤታችን ልጅ ከጓደኛው ጋር እውነተኛ ወርቅ ሊቆፍሩ ሻኪሶ ሄዱ። እሱ ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ ጨዋታው ያለበትን ለእኔ ተወልኝ። መኪናው ላይ ሆነው ጓደኛው «አንቺ ጎመንሽን አጠጪ፣ ወርቁን ለእኛ ተዪው» ብሎ ሳቀብኝ። ወንድሜ ግን ኮስተር እንዳለ፣ «ዋሻው ውስጥ እንዳትገቢ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ምርጫ አለ፤ አንዴ ከተመረጠ መመለሻ የለውም» አለኝ።

ዝናቡ ገባ። የሁለቱም ስልክ እምቢ ካለ ዘጠኝ ቀን ሆነው። እናቴና የጓደኛው እናት በየማለዳው በኦሮምኛ ሰላም እየተባባሉ በአጥር ይጠያየቁ ነበር።

«አካም? ናጋ? ደወሉ እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

እኔም የጨዋታው ዋሻ ውስጥ ገባሁ። እሱ የሚሠራውን ስሠራ የቀረብኩት ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምርጫው መጣ። እንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት አገላብጬ ተረዳሁት። አንደኛው ማዕድን ቆፋሪ ነው፤ ከሚፈነቅለው ድንጋይ ሁሉ አንድ ማዕድን ይጨመርለታል። ሁለተኛው ድንጋይ ዐዋቂ ነው፤ የከበሩ ድንጋዮች በጥንድ ሊወጡለት ይችላሉ። ሳይመርጡ መውጣት የለም። መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ባትሪው አራት በመቶ ቀርቶታል። ስልኩ ግሎ መዳፌን አላበው።

በእናቴ ስልክ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ካፊያው ቆርቆሮውን ይነካካዋል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ምረጪ ይለኛል።»

«ታዲያ ምረጪ፤ ጨዋታ አይደል?»

ወንድሜ የመጀመሪያውን እንደሚፈልግ ዐውቅ ነበር። ጣቴ ግን «በጥንድ» የሚለው ላይ ቆመ። ሁለቱም አብረው ነበር የሄዱት። ነካሁት። ስክሪኑ ወዲያው ጠቆረ፤ ምርጫዬን ይመዝግበው አይመዝግበው አላየሁም።

ማክሰኞ ወንድሜ መጣ። ብቻውን ነበር። ጉድጓዱ ሲናድ እሱ ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ጓደኛው ግን እታች ነበር። በአጥሩ ማዶ የተሰማው ጩኸት አሁንም አንዳንዴ ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ለቅሶው ካበቃ ከሳምንታት በኋላ ወንድሜ ስልኩን ጠየቀኝ። ምርጫዬ ተመዝግቦ ነበር።

«የቱን መረጥሽ?»

«ጥንዱን» አልኩት። እስኪቆጣኝ ጠበቅኩ።

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ገበሬው ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ቀስ ብሎ አዞረው፤ ወደ እርሻው መለሰውና ማጠጫውን አስያዘው።

«ጎመኑን እኔ ላጠጣ» አለ።