ጭሰኛ ማለት

መተማ ዮሐንስ አማርኛ ላስተምር በመጣሁ ጊዜ ከአንድ የሰሊጥ ባለሀብት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ነጭ ጀላቢያ የማይለያቸው፣ ኮኪት አጠገብ ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ ሥራ የፈታ የቀን ሠራተኛ ግን ከእርሻው ማዶ ይለያል።

ለተማሪዎቼ የማስተምረውን አሮጌ ልብ ወለድ በረንዳ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ ሰሙኝና ወንበራቸውን አስጠጉ። ታሪኩ የባለርስትና የጭሰኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሁሉ አንብቢልኝ ሆነ። እኔም ሞኟ፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን "ባለርስቱ ጭሰኞቹን አስጠራ" የሚለው ላይ ስደርስ ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። "በቀን ብርሃን? ምን ዓይነት ባለጌ ነው?" አሉ። ለካስ እዚህ ቆላ ሴቶች ለባላቸው ሲሰናዱ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው የእንጨት ጭስ ይሞቃሉ፤ የጋሼም ሚስት ከጓሮ ይሞቃሉ። ጭሰኛ ማለት ጭስ የምትሞቅ ሴት መስሏቸው ነው። አልፈረድኩባቸውም፤ ግማሹ ተማሪዬም እንዲሁ ብሎኛል።

አስተማሪ አይደለሁ? ማብራራት ጀመርኩ። መጽሐፍ ያለ ዘመኑ አይነበብም አልኳቸው። በዚያ ዘመን መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ አራሹ ከምርቱ ያካፍላል፣ በዓል ሲመጣ ማርና ዶሮ ይዞ ደጅ ይጠናል፣ ጌታው ካልፈለገው ደግሞ ጎጆውን አፍርሶ ይሄዳል። ጭሰኛ የሚባለውም በሰው መሬት ላይ እሳት የሚያነድ፣ ጭሱ ከሰው ግቢ የሚነሣ ስለሆነ ነው። ጋሼ በጣም አዘኑ። "ተመስገን፣ ያ ዘመን አለፈ" አሉና ሻይ አስመጡልኝ።

የአረም ሰሞን ደረሰ። ከጎጃም የወረደ አንድ ሳሉግ፣ እዚህ የቀን ሠራተኛን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ወባ ጥሎት በትራክተር ተሳቢ ከእርሻው አመጡት። ከበረንዳው ሥር ማዳበሪያ አንጥፎ ተኛ። እኛም ከራስጌው ተቀምጠን ንባባችንን ቀጠልን።

እንዳጋጣሚ የዚያን ቀን ምዕራፍ ባለርስቱ የታመመ ጭሰኛውን ከነልጆቹ የሚያባርርበት ነበር። ጋሼ በጀላቢያቸው እጅጌ እንባቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለውን አውሬ መሬት እንዴት ተሸከመችው አሉ። አፍንጫቸውን ተናፍጠው ሲያበቁ ዘበኛውን ጠሩና ይህን ሰውዬ መናኸሪያ ወስደህ መኪና ላይ ጫነው፣ አገሩ ይግባ፣ ሌሎቹን ያስደነግጥብኛል አሉት። ጉድ በል ጎንደር! ሰውየው ቆሞ መሄድ ቀርቶ ውሃ የሚይዝበት አቅም የለውም። መንገድ ላይ እንደሚሞት እንኳን እኔ፣ ዘበኛውም ያውቃል።

"ጋሼ፣ አሁን ያለቀሱለት ሰው ይኸው ተኝቷል" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ያስተማርኳቸውን መልሰው አስተማሩኝ፤ ነገር በዘመኑ ነው የሚታየው ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ያ ርስት ነበር፣ ይህ ኢንቨስትመንት ነው አሉኝ። ሐኪም ሳያየው አይሄድም ብዬ ድርቅ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ያንቺስ ጭስ የሚነሣው ከማን ግቢ ነው?"

ለሰው ሲነግሩ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል፤ ለካስ ስነግራቸው የከረምኩት የራሴን ነው። እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪም አስተምሬ አላውቅም።

ባጃጅ ጠራሁ። ሰውየው ነጠላዬን ጨብጦ "እትዬ፣ መኪና ላይ እንዳትጭኚኝ" አለኝ። ስፈራም ስናደድም ጤና ጣቢያ አደረስኩት። ያየው ሐኪም፣ ተሳፍሮ ቢሆን ገንዳ ውሃ ከተማ እንኳ አይደርስም ነበር አለኝ፤ ግሉኮስ ሰክቶለት አስተኛው።

ስመለስ ፍራሼ፣ ድስቴና ምድጃዬ ከበሩ ውጭ ተደርድረው ጠበቁኝ። ምድጃው ከሰሉ አልጠፋም፣ ገና ይጨስ ነበር። ዕቃዬን ሁሉ አንሥቼ መጽሐፉን አጣሁት።

በማግሥቱ ዘበኛው ከተጠጋሁባት የሥራ ባልደረባዬ ቤት መጣ። መሬት መሬት እያየ፣ "ጋሼ መጽሐፉን ማንም ቢያነብላቸው አልጣማቸውም። የጭሰኛው መጨረሻ ምን ይሆን፣ መጥታ ትጨርስልኝ ብለዋል" አለኝ።

"ጭሰኛዋ ግቢውን ለቃለች በላቸው" አልኩት።