አንድ ሰዓት ከሩብ በአየር

ከጅቡቲ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ከናጋድ ጣቢያ የሚነሳውን ባቡር ነው፤ ጠዋት ተሳፍሮ፣ በረሃውን ሲያቋርጡ ውሎ ማታ መድረስ። በግቢያችን የሚኖር ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። አውሮፕላን ለኤምባሲ ሰዎች ነው፤ ወይም ሰው ሲሞት።

የሞቱት የእትዬ እናት ናቸው። እትዬ የምላቸው ሴት ካርቲዬ ሰፈር ሁለት የቆርቆሮ ክፍል ያከራዩኛል፤ ቡላኦስ ሰፈር ደግሞ ምግብ ቤት አላቸው። ከአዲስ አበባ የተደወለው ለእርሳቸው ሳይሆን ለእድራችን ሊቀመንበር ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። እናታቸው ቤት እስኪደርሱ ድረስ «ትንሽ አሟቸዋል» ነው የሚባለው።

ቀትር ላይ፣ የጫት መኪኖች ጥሩንባ እያሰሙ በሚገቡበት ሰዓት ሽማግሌዎቹ ሊቀመንበሩ ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ተጠራሁ፤ ስልክ ስለምነካካ።

«ገጣሚው» አሉኝ ሊቀመንበሩ፤ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ናቸው። «ዛሬ እንኳ ቤት የሚመታ ሳይሆን የሚጠቅም ነገር ፈልግልን። በአየር ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። ርቀቱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።»

ሽማግሌዎቹ አገራቸው ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ገና የሰሙ ይመስሉ ነበር።

«በአውሮፕላን ብንልካት ትነቃብናለች» አሉ አንዱ። «በባቡር ትሂድ።»

«በባቡርማ ቀብሩ ያመልጣታል፤ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ሂድና ባቡሩ ሞልቷል በላት። መዋሸት ታውቅበታለህ፤ ግጥም ትጽፍ የለ?»

ምግብ ቤቱ ስደርስ እትዬ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ወደ የመን ለመሻገር የሚጠባበቁ ልጆች ጥግ ላይ ከአንድ ሳህን ሩዝ ይበላሉ። እናታቸውን ትንሽ እንዳመማቸው፣ ባቡሩም ስለሞላ ነገ በአውሮፕላን እንደሚሄዱ ነገርኳቸው።

«ባለፈው ዓመት አሟት ሆስፒታል ስትገባ በባቡር ነው የሄድኩት» አሉ ቀና ሳይሉ። «አውሮፕላን ብሎ ያነሳ ሰው አልነበረም።»

ወደሚበሉት ልጆች ዞርኩ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«በባቡር ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ምን ይበቃል? ከጎኔም ሰው ይቀመጣል።» ሌላ ሽንኩርት አንስተው «ማወቄን እንዳትነግራቸው» አሉ። «ተጨንቀው ነው የመከሩት።»

ያን ቀን ለሳምንት የሚበቃ ሽንኩርት ከተፉ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናቸው። ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጥቁሩን ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ ከታች ሲከቱት አይቻለሁ።

«ሲሻላቸው ደውይልን» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሺ ጋሼ፣ ሰላም እላታለሁ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሊቀመንበሩ ቤት ተመልሰን አውሮፕላኗን በስልኬ ካርታ ላይ ተከተልኳት። ጥፍር የምታህል ቢጫ ምልክት ናት፤ ባቡሩ ቀኑን ሙሉ የሚንፏቀቅበትን በረሃ እየዋጠች ሄደች። አንድ መስመር ልጽፍ ሞከርኩ። እትዬ እዚያ ሰማይ ላይ እንባቸውን ይዘው ተቀምጠው እኔ የምጽፈው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ። ምልክቷ አዲስ አበባ ላይ ቆመችና ጠፋች።

«ደረሰች?»

«ደርሰዋል።»

«እንግዲህ አሁን ይነግሯታል» አሉ ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። ከትናንት ጀምሮ የያዙት እንባ ወረደ። «ምስኪን፣ ምንም ሳታውቅ ሄደች።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።