ከዘይት ካርቶን የሠራሁት ጣርማ በር

ባቡሩ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር አስወጥቶኛል። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ ሺው ክፍሉን ባለማከራየቴ የቀረብኝ የሦስት ወር ኪራይ ነው። ነጋዴ ያልገባለትንም እንደወጣ ይቆጥራል።

ክፍሉ ደብረ ብርሃን ካለው ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቄ ጀርባ ነው። ተከራዩ መምህር ሲለቅ ባለቤቴ ሌላ ላስገባ አለች። «ቆይ፣ ላድሰው» አልኳት። ልቤ ግን ከመርካቶ ዕቃ ስጭን የገዛሁት ያገለገለ ትንሽ ባቡር ላይ ነበር፤ ሐዲድ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። እውነተኛውንስ ተሳፍሬ አላውቅም።

ወለሉን በጠመኔ አሰመርኩ። የሐዲዱን ክብ ሳሰፋው በሩ አይከፈትም፤ ሳጠበው ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ይገለበጣል። ባቡሩ የሚቆምበትን ጠረጴዛ ግድግዳ ባስጠጋ እጄ መሀሉ አይደርስም። ጣውላ ገዝቼ መጋዝ ማሳረፍ ፈራሁ፤ አንዴ የተቆረጠ አይቀጠልም።

ተራራም አማረኝ፤ ባቡሩ እንደ ጣርማ በር ዋሻ ገብቶ የሚወጣበት። ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ለማየት የተጠራቀሙ ባዶ የዘይት ካርቶኖች አስገብቼ ደረደርኩ። ሰው እንዳይስቅብኝ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፍኜ በሩን ቆለፍኩ።

ያኔ ደግሞ ዘይት ከገበያ ጠፍቶ፣ ደብቆ የተገኘ ነጋዴ ሱቁ ይታሸግበት ነበር። ይህን ያስታወሰችኝ ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ናት።

«ጋሼ፣ ለጎረቤት እንኳ አንድ አንድ ሊትር አይወጣም?»

«ከየት አምጥቼ?»

«ካርቶኑ ሲገባ አይቻለሁ እኮ።»

«ባዶ ነው!»

«እሱማ፤ ባዶ ካርቶን ነው የሚቆለፍበት» ብላ ሳቀች።

 ካርቶኖቹን ላውጣ ብል፣ ያየ ሁሉ «ሊያሸሽ ነው» ይላል። ልተዋቸው ብል ከተቆለፈ በር ኋላ «ዘይት» የሚል የተጻፈበት ተራራ ቆሟል።  ለባለቤቴ ስነግራት «ከተከራይ ፖሊስ ይሻላል ብለህ ነው?» አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ወጣት የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ከፖሊስ ጋር መጣች።

«ጋሼ፣ የጀርባውን ክፍል ይክፈቱልን።»

ቁልፉ አልገባልህ አለኝ። በሩ ሲከፈት ፖሊሱ «እንዴ!» አለ። ከባድ መስሎት አንዱን ካርቶን በሙሉ ጉልበቱ ቢያነሳው ግንባሩን መታው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ተራራ ነው።»

«የምን ተራራ?»

«ጣርማ በር።»

ፖሊሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ዘይቱስ የት ገባ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባዶነቱ ያወጣኛል ስል ጭራሽ ሊያስገባኝ ነው። ካርቶኖቹን እየገለበጠች የተመረቱበትን ቀን ታነብ ጀመር፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ላቤን እጠርጋለሁ። ሁሉም ያምናና የካቻምና ነበሩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አስቀመጧቸው?»

«የኔ እህት፣ ካርቶን ይጣላል እንዴ?»

ባቡሩን ከሣጥኑ አውጥቼ አሳየኋት።

«ይሄዳል?»

«ገና ዕቅድ ላይ ነኝ።»

የጠመኔውን መስመር ዐይታ፣ እኔንም ዐይታ «ሱቅዎ አይታሸግም» አለች። «ካርቶኑን ግን ዛሬውኑ ያስወጡ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ጥቆማ ይዘን እንዳንመጣ።»

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ቆራሌ ጠርታ ተራራውን ሸጠችለት። ወለሉን ወልውላ ክፍሉን ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አከራየችው። 

ወጪ፣ ሃያ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር። ከካርቶን ሽያጭ የተገኘ፣ መቶ ሰማንያ። ኪሳራ፣ ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃያ ብር።