«ዳውት»፣ «ሰስፔክት» እና የበሩ ዘበኛ

እኔ ሰው ሰላም ሲለኝ ምን ፈልጎ ይሆን ብዬ የማስብ ፍጥረት ነኝ። ፈላና በር አጠገብ ቤት ያከራዩኝ እናት «አንተ ልጅ፣ ጥላህንም መታወቂያ ሳትጠይቀው አትቀርም» ይሉኛል። ከወሎ ተመድቤ ሐረር ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ጀጎል ውስጥ እየኖርኩ ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን ጠባዬን እንደ ጉድለት አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲያውም ለሥራዬ ይበጃል እል ነበር፤ ሊኮርጅ ያሰበ ተማሪ ገና አንገቱን ሳያዞር አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ለማዳመጥ ትምህርት የምጠቀምበት ስፒከር ከቁምሳጥኑ ውስጥ ጠፍቶ አገኘሁ። ሞዴል ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው። ቁምሳጥኑ አልተሰበረም፣ በሩም አልተነካካም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእኔ ኪስ አይወጣም፣ ሌላው ዋናው በር ላይ ከሚውሉት ዘበኛ ጋ ይቀመጣል። እኔ አልወሰድኩትም። ታዲያ ማን ቀረ?

ዘበኛው እርሻው ብቻውን አላዋጣ ሲላቸው ጥበቃ የተቀጠሩ፣ ከከተማው ወጣ ባለችው ሶፊ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የአባቴ ያህል ይሆናል። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። የሐረር ሰው አንቱታ ስለማያበዛ እሳቸው «አንተ መምህር» ይሉኛል። ስፒከሩ የጠፋ ቀን ከእኔ እኩል ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ያን ያህል መትጋታቸው አጠራጠረኝ። በማግስቱ ፍለጋውን ትተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ መተዋቸውም አጠራጠረኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ድፍረት ነው አልኩ፣ አንገታቸውን ሲደፉ ጥፋት ነው አልኩ። ዓርብ ለጁምዓ ሰላት ሲወጡ ከወትሮው ቀደም አሉ ብዬ ሰዓቴን አየሁ።

የንብረት ኮሚቴው ቅጽ ሰጠኝ። «የሚጠረጥሩት ሰው ሙሉ ስም» የሚል መስመር አለው። ስማቸውን አለማወቄን ያኔ ነው ያወቅኩት። «የበሩ ዘበኛ» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ። ጸሐፊው ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚሰበሰብና ፊርማዬ ከጸና ሰውየው ከሥራ እንደሚሰናበቱ ነገረኝ። ይገባቸዋል አልኩ።

በዚያው ሳምንት «ዳውት» እና «ሰስፔክት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት የማስተምርበት ተራ ደረሰ። እኛ ሁለቱንም ጥርጣሬ ብለን እናልፋቸዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። «ዳውት» የሚል ሰው ነገሩ አልሆነም ወደሚለው ያዘነበለ ነው፤ «ሰስፔክት» የሚል ሰው ሳይሆን አልቀረም ወደሚለው። የእኛ ሰው ይህን ያገላብጠዋል። መምህር ሳይቀር፣ ተማሪው ኮርጇል ብሎ እንደሚጠረጥር ለመናገር ዳውት ይላል፤ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ሲሰማው ለልጁ ጥብቅና የቆመ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ምሳሌ አልወስድም። ተማሪ የሚያስታውሰው ሰሞኑን የሆነውን ነው ብዬ ሁልጊዜ ከሳምንቱ ወሬ እመዛለሁ። ስለዚህ በሰስፔክት «ዘበኛው ስፒከሩን ሳይወስዱት አልቀሩም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በዳውት «ይመልሱታል ብዬ አላስብም» ብዬ ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ማን እንዳልሳቀ አላየሁም።

በማግስቱ ዘበኛው መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንተ መምህር፣ ጠርጥረኸኛል አሉ።»

አልፌያቸው ልገባ ስል ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«ወላሂ እጄን አላሳረፍኩበትም። ቁርኣን ይምጣና ልማል።»

«መሐላ ምን ያደርጋል አባባ፤ ኮሚቴው ያጣራዋል» አልኳቸው።

«ቁልፉ እኮ አንተም ጋ አለ አቦ። እኔ አንድ ቀን አንተን አልጠረጠርኩም» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ማስፈራሪያ መሰለኝ። ለመማል መቸኮላቸውንም አልወደድኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት አጭር ፈተና ሰጠሁ። የመጨረሻው ጥያቄ በሁለቱ ቃላት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይላል። ከስድሳ ተማሪ አብዛኛው የእኔኑ ምሳሌ መልሶ ሰጠኝ። አንዲት አቦከር ሰፈር አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ግን በሰስፔክት «መምህሬ አባቴ ስፒከሩን ሳይወስድ አልቀረም ይላል» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ በዳውት «እኔ አባቴ ወሰደው ብዬ አላስብም» ይላል። አንዲት ፊደል አልሳተችም።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ብናገር ያሳፍረኛል፤ አባትየው አስጽፈዋት ይሆን ብዬ ነው። ከጎኗ የተቀመጠችውንም ልጅ ወረቀት አውጥቼ አስተያየሁ። ከዚያ የስም መዝገቡን ገለጥኩ። ዓመቱን ሙሉ የጠራሁት ስም ነው፤ የአባቷን ስም ግን እንደ አንድ ሰው ስም ያነበብኩት ያን ቀን ነው። አፈርኩ። ያፈርኩት ጥርጣሬዬ ስለጠፋ አይደለም፤ አልጠፋም። ግን እኔ የማውቀው ቁልፋቸውን ብቻ ነበር፣ እሷ ሰውየውን ታውቃለች። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ሄጄ ቅጹ እንዲቀየርልኝ ጠየቅኩ። «የምጠረጥረው ሰው የለም» ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ቆየት ብሎ አየኝ፤ ከሁለቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ ሲወጣ ማን እንደሚቀር እያሰበ መሰለኝ። ምን ላድርግ፣ ፈረምኩ። ስፒከሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ዘበኛውም ከሥራቸው አልተፈናቀሉም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አላህ ይቅር ይበለን፣ ተወው አቦ» አሉኝ። የተውኩት መስሎኝ ነበር።

በእኛ ትምህርት ቤት ሲወጣ መፈተሽ ደንብ ነው፤ ተማሪም መምህርም ቦርሳውን ለዘበኛው ከፍቶ ያሳያል፣ ዘበኛውን ግን የሚፈትሽ የለም። ከይቅርታው ማግስት ጀምሮ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሶፊ ሊሳፈሩ ሲሉ እኔን ካዩኝ ቆም ይላሉ። ፌስታላቸውን በሁለት እጃቸው ከፍተው ይይዙልኛል። ምሳ ዕቃ አለ፣ መስገጃ አለ፣ አንዳንዴ ትንሽ ሎሚ። «እይ መምህር» ይላሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ልጅቷ አጠገባቸው ከሆነች ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። «ኧረ ይተዉ አባባ» እላለሁ። ሳላይ አይዘጉትም። ዓይኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል።