በፎቶ ክፍሉ ውስጥ የተሠራው መደብ

ስለ እኅቴ የመጨረሻ ፎቶግራፍ የምጽፈው ከሦስት ምንጮች ነው፤ ከሦስቱ አንዱንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። አንደኛው የራሴ ትዝታ ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜዬ ያየሁትን ካሰብሁት መለየት እየተሳነው መጥቷል። ሁለተኛው፣ እኅቴ ያሳደገቻት የሟች ወንድማችን ልጅ የነገረችኝ ነው፤ እርሷ ግን እኔን የሚያሳዝነኝን ነገር ሁሉ አለዝባ የመናገር ልማድ አላት። ሦስተኛው ፎቶግራፉ ራሱ ነው። ፎቶው የተነሳበትን ክፍል የነደፍሁበት ወረቀት በእጄ የለም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ይመስለኛል» የሚለው ቃል ቢበዛ አንባቢ ይታገሠኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሕንፃ ንድፍ አስተማሪ ነበርሁ። እንጅባራ ውስጥ መታወቂያ የሚያወጣው ሰው ሲበዛ፣ በመናኸሪያው አጠገብ አንድ የሕዝብ የፎቶ ክፍል እንዲሠራ ታሰበ፤ ተነሺው ብቻውን ገብቶ፣ መጋረጃውን ስቦ፣ ቁልፍ ተጭኖ ራሱን የሚያነሳበት። በዚያው አምሳያ በዳንግላና በግምጃ ቤት ከተሞችም ይሠራል ተባለ። ንድፉን እንዳወጣ ስጠየቅ፣ በሁሉ ነገር የማመነታው ሰው ወዲያው እሺ ያልሁት በእኅቴ ምክንያት ነው።

እኅቴን ከልጅነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም ነበር። ዳንግላ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ጥልፍ እየጠለፈች ትኖር ነበር። ፎቶ ቤት በሄደች ቁጥር ከወንበሯ አንስተው በርጩማ ላይ ያስቀምጧታል፤ ወገቧ ወደ ጎን ስለሚከዳትም አንድ ሰው ይይዛታል። ስለዚህ በሕይወቷ በተነሳቻቸው ፎቶግራፎች ሁሉ የሌላ ሰው እጅ አለ፤ በአንዱ ትከሻዋ ላይ፣ በሌላው ብብቷ ሥር። ይህን የምታወራው እየሳቀች ነበር። «የዳንግላ ወንድ ሁሉ ተሸክሞኛል፤ ያገባኝ ግን አንድም የለም» ትላለች። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድም ጋሼ፣ ማንም ሳይዘኝ አንድ ፎቶ ልነሳ። ለለቅሶዬ የሚያወጡት እሱን ይሁን።»

ንድፉን የጀመርሁት በቤቷ ወለል ላይ ነው። በጠመኔ አራት ማዕዘን ሠርቼ ወንበሯን በውስጡ እንድታዞር ጠየቅኋት፤ ጎማው መስመሩን በነካ ቁጥር አጥፍቼ አሰፋሁት። እጇን ያለ ጭንቅ ዘርግታ የምትደርስበትን ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ የካሜራው ቁልፍ በዚያ ከፍታ ይሆናል። ካሜራው ከፍና ዝቅ እንዲል፣ በሩ እንዲሰፋ፣ መግቢያው ደረጃ ሳይኖረው ዘንበል እንዲል አደረግሁ። የክፍሉ መሐል ባዶ ቀረ። ያ ባዶ ስፍራ የንድፉ ሁሉ ፍሬ ነገር ነበር፤ እኅቴ መቀመጫዋን ይዛ ነው የምትገባው። በወረቀት ላይ ግን ባዶ ስፍራ ምንጊዜም ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው። «ለተሽከርካሪ ወንበር» የሚል ቃል ጽፌበት ነበር ይመስለኛል፤ መማል ግን አልችልም።

ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴ ታመመና ወደ ሥራው ቦታ መሄድ አቆምሁ። ግንበኛው በአካባቢው የተከበረ፣ እጁ የታመነ ሰው ነበር። በምረቃው ዕለት በባጃጅ እስከ ቤቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ ፊቱ ላይ ስጦታ የደበቀ ሰው ደስታ ይነበባል። በሩ እንዳልሁት ሰፊ ነው። መግቢያውም እንዳልሁት ዘንበል ያለ ነው። ከመጋረጃው ኋላ፣ ባዶ በተውሁት ስፍራ ላይ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ መደብ ተቀምጧል፤ በአገራችን ቤቶች ከግድግዳው ጋር አብሮ እንደሚሠራው ያለ፣ የማይነቀል፣ የማይገፋ፣ ላዩ በጥንቃቄ የተለሰነ።

«መምህር፣ መቀመጫ ረስተው ነበር» አለኝ፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ሽማግሌ እንዴት ቆሞ ይነሳል ብዬ ሞላሁልዎት። ከእኔ ስጦታ ነው።»

ልወቅሰው አልቻልሁም። በእኛ ዘንድ የገባን ሰው አቁሞ ማስተናገድ ነውር ነው፤ መቀመጫ የሌለው ክፍል ያላለቀ ክፍል ነው። እርሱ በወረቀቱ ላይ ያየው ጉድለት ነበር፤ በደግነቱም ሞላው።

እኅቴ በዚያው ዕለት ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች፤ ወንበሯ ጣራው ላይ ታስሮ፣ የወንድማችን ልጅም አብራት። እስክትደርስ ድረስ ምን እንደምላት ሳስብ ቆየሁና ምንም አላልኋትም። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ ለብሳ ነበር። ሊገፋት የመጣውን ሁሉ በእጇ መልሳ፣ ዘንበል ባለው መግቢያ ላይ ጎማዋን ራሷ እያሽከረከረች ወጣች፤ በሩን አለፈች፤ መጋረጃውን ሳበች። ወዲያው የወንበሯ ብረት ከሲሚንቶው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። መጋረጃው እስኪከፈት ረጅም ጊዜ የወሰደ ይመስለኛል። ስትከፍተው ያየችው እኔን ነው።

«ቤቱን ለእኔ ሠራህ፤ ቦታዬን ለእንግዳ ሰጠህብኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ግንበኛው አልሰማም። ጠጋ ብሎ ወድዳው እንደሆነ ሲጠይቃት፣ በአዊኛ መረቀችው። የእኔን አዊኛ ትምህርት ቤት ከአፌ ወስዶታል፤ ምርቃት መሆኑን ለመለየት ግን አላነሰኝም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁልጊዜ የሚሆነው ነው። ባጃጅ ነጂው፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በቅን ልብ ተሻምቶ አነሳት፤ መደቡ ላይም አስቀመጣት። ቁልፉ ከመደቡ አይደረስበትምና የወንድማችን ልጅ ልትጫንላት አብራት ገባች። ከማላውቃቸው ሰዎች አንዱ ከጎኗ ተጠግቶ ያዛት፤ መጋረጃውም ተዘጋ።

መደቡ እንዲፈርስ ለከተማው አስተዳደር አመለከትሁ። በሕዝብ ፊት የተመሰገነ ስጦታ እንዴት ይፈርሳል፣ ሰውየውስ ምን ይላል ተባልሁ። ነገሩን ለግንበኛው ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። እስከዚያው የዳንግላውና የግምጃ ቤቱ ክፍሎች እንጅባራውን አምሳያ አድርገው ተሠሩ፤ መደባቸውም አልቀረም። የዳንግላውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠውበት ይጫወቱ ነበር፤ እኔንም «አባባ፣ ይቀመጡ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

እኅቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ፎቶ አላነሳችብኝም። በተከታዩ ክረምት አረፈች። ሌላ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ስላልነበራት ያንኑ አሳድገው በለቅሶው ድንኳን አቆሙት። በግራ ትከሻዋ ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን፣ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። የወንድማችን ልጅ የነጠላዋ እጥፋት ነው ትላለች፤ እኅቴ ሰውየውን «ልቀቀኝ» ብላው፣ ልጅቷ ቁልፉን በተጫነችበት ቅጽበት ሰውየው ለቋት ነበር ትላለች። እውነት ከሆነ፣ እኅቴ ለአንድ ቅጽበት ያህል የፈለገችውን አግኝታለች ማለት ነው። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ነበርሁ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ፈልጌም አላገኘሁትም። ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በጎላ ቁጥር ይደበዝዛል። ትከሻዋ ላይ ያለው ጣት ይሁን የነጠላ እጥፋት፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።