ለሰው ዓይን ያነሳሁት ድስት

ሐዘን ቤት ሽንኩርት አለመክተፌ ነው ያጣላን። ቀራንዮ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት የእድሩ ሴቶች ጓሮ ተሰብስበው ይከትፋሉ፣ ያበስላሉ፣ ድስት ያጥባሉ። አስተባባሪያቸው ደግሞ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ምላሷ! እግዜር ይይላት።

እኔ የምበላው በጣቴ ነው፤ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ማበጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠዋት ጠዋት እጄ ድርቅ ይልና ቁልፍ እንኳ መቆለፍ ያቅተኛል። ሐኪም ቤት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጭ አድርጋ አስተምራኛለች። «መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ያበጠ ቀን ያሳርፉት፣ ሲሻልዎ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱት። ከባድ ነገር በጣት አያንጠልጥሉ። እነዚህን ጣቶች ከፈለጓቸው ይጠብቋቸው።»

ይህን ለጎረቤቴ ሁለቴ ነግሬያታለሁ። «ብርድ ነው እቴ! ፌጦ ጠጪበት» ብላኝ አለፈች።

ያን ቀን ወንበር ይዤ ሰሃን በጨርቅ እያደረቅሁ ሳለ፣ ሁሉም እየሰማ «አንዳንዷ እድር የምትገባው ለመቀበር ብቻ ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ተነሳሁና ሁለት ሰው የሚያነሳውን፣ ወጥ የሞላውን ድስት ጆሮውን ይዤ ብድግ አደረግሁት። እስከ ድንኳኑ በር ድረስ ብቻዬን ተሸከምኩት። አንዷም «ኧረ ተይ» አላለችኝም።

በማግስቱ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የሰው ፀጉር ስሠራ የኖርኩትን እኔን፣ ልጄ አበጠረችኝ። ባለሙያዋ እጄን አይታ አልተቆጣችም፤ «ለማን ብለው ነው?» ብቻ አለችኝ። እያወቅሁ! ለዚያች ሴት ዓይን ብዬ! ቀጭኑን ሹሩባ ዛሬም ጣቴ እሺ አይለኝም፤ ደንበኞቼም ሌላ ቤት ሄደዋል።

ጎረቤቴ ያን ሰሞን አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እጄን ስታይ «ውይ! ለካ እውነትሽን ነበር!» አለች።

«ላጪልኝ» አልኳት።

ላጠችና ዘረጋችልኝ። እጄን ከጋቢው ውስጥ አላወጣሁም።

«አጉርሺኝ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቴን አይታ ተወችው። አጎረሰችኝ። ቀስ ብዬ አኝኬ ዋጥኩና አፌን እንደገና ከፈትኩ። ኪሎው እስኪያልቅ ድረስ አለቀቅኋትም።